ጾመኛ የሚሠራበት ኃይል ከወዴት ይመጣል?

አንባቢ ሆይ፤ በረመዳን ወራት ከቀትር በኋላ በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አልፈህ እንደ ሆነ፥ ከንጋት ጀምሮ ውሃ እንኳ ያልቀመሰ ተሸካሚ ጆንያ በትከሻው አድርጎ ሲሄድ ሳታይ አልቀረህም። በዐቢይ ጾም ደግሞ በከዚራ በኩል ያለው ጸሐፊ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ መዝገቡን ያገላብጣል። ሁለቱም ሥራቸውን አላቋረጡም። ኃይሉ ከወዴት መጣ?

በአብዛኞቹ የሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ፥ በዐይን የማይታዩ ምድጃዎች አሉ። እነዚህ ስኳርንና ስብን በኦክሲጅን እያቃጠሉ ኤ.ቲ.ፒ. የተባለውን የኃይል ስንቅ ያዘጋጃሉ። አንዲት የግሉኮስ ቅንጣት ያለ ኦክሲጅን የምትሰጠው 2 ኤ.ቲ.ፒ. ብቻ ሲሆን፥ በምድጃው ስታልፍ ግን 30 ያህል ትሰጣለች።

ታዲያ ምድጃው ያለ ጠባቂ አልተተወም። ከስኳር የተገኘው ማገዶ የሚገባበትን በር የሚጠብቅ ፒሩቬት ዲሃይድሮጅኔዝ የሚባል ኤንዛይም አለ። በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሊቅ ሌስተር ሪድና የሥራ ባልደረቦቹ ይህ በር መቈለፊያ እንዳለው ገለጡ፤ ይኸውም አንዱ ኤንዛይም ፎስፌት ሲያጣብቅበት ይዘጋል፤ ሌላው ሲያላቅቅለት ይከፈታል።

ተሸካሚው ጆንያውን ሲያነሣ በጡንቻው ሕዋስ ውስጥ ካልሲየም ስለሚበዛ በሩ ይከፈታል። ጾሙ እየረዘመ ሲሄድ ግን የጡንቻው በር ይጠብባል፤ ጡንቻም በስብ መሥራትን ያበዛል። ምክንያቱም አንጎል እንደ ጡንቻ ስብን በቀጥታ አቃጥሎ ሊኖር አይችልምና፥ ጉበት ቈጥቦ የሚለቀው ስኳር ለእርሱ እንዲተርፍለት ነው። እናት በችግር ቀን ድርሻዋን ለልጇ እንደምትተው፥ ጡንቻም ለአንጎል ይተውለታል።

ይሁን እንጂ ይህ ጥበብ ወሰን አለው። በር ጠባቂው ኤንዛይም ያለ ቪታሚን ቢ 1 አይሠራም። ቪታሚኑም የሚገኘው ገለባው ተነፍቶ ካልወጣለት እህልና ከጥራጥሬ ነው። ስለዚህ ጾሙ ሲፈታ በነጭ ዳቦና በስኳር ሻይ ብቻ ከመርካት ምስር ወይም ሽሮ መጨመር ይበጃል።

ደግሞም በላብ የወጣውን ውሃ የሚተካ ኤንዛይም የለም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። በሥራ ላይ ያለ ጾመኛ ራሱን ሲያዞረው፥ ንግግሩም ሲዘባረቅበት ብታይ፥ ወደ ጥላ ውሰደው፤ ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ውሃ አጠጣው፤ እስኪሻለው ሳትጠብቅም ፈጥነህ ወደ ሐኪም አድርሰው። የስኳር በሽታ ያለበት፥ ይልቁንም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው፥ ጾም ከመጀመሩ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ሕዋስ ለባለቤቱ የሚችለውን ሁሉ ያደርጋል። ከዚያ ያለፈውን መጠበቅ ግን የባለቤቱና አጠገቡ የቆመው ሰው ፈንታ ነው።