የኤልያ ካዛን ጥበብና የምስክርነቱ ዕዳ

ስለ ኤልያ ካዛን በተነሣ ቁጥር አንድ የተለመደ መከራከሪያ ይደመጣል፤ ይኸውም «ሥራውን እንጂ ሰውየውን አትመርምሩ» የሚል ነው። አባባሉ ለጆሮ ቢጥምም በካዛን ላይ አይሠራም፤ ሥራውን ከገዛ ታሪኩ ጋር ያስተሳሰረው ራሱ ካዛን ነውና።

ካዛን እ.ኤ.አ. በ1909 በቁስጥንጥንያ ከግሪክ ወላጆች ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በ1930ዎቹ በኒው ዮርክ «ግሩፕ ቲያትር» በተባለው ማኅበር በተዋናይነት ሲያገለግል፣ ተዋናይ የገጸ ባሕርይን ስሜት ከገዛ ሕይወቱ ቀድቶ እንዲያቀርብ የሚያስተምረውን ስልት ቀሰመ። በ1947 በመድረክ ያዘጋጀውን የቴነሲ ዊልያምስን ተውኔት «ምኞት የተባለችው ትራም»ን በ1951 ወደ ፊልም ሲለውጠው፣ ከተዋንያኑ ሦስቱ የኦስካር ሽልማት ተቀዳጁ። ይህን የካሜራ ብልሃት ብቻ አያስገኘውም፤ የተዋናይን ልብ የሚያውቅ የቀድሞ ተዋናይ ፍሬ ነው። ይህን የሚክድ ሐያሲ ፍትሕ ይጎድለዋል።

ሆኖም ካዛን አሳልፎ የሰጠው ይህን ዕውቀት የለገሰውን ማኅበር ነው። በጃንዋሪ 1952 በአሜሪካ ምክር ቤት የፀረ አሜሪካ እንቅስቃሴዎች መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የሌሎችን ስም አልሰጥም አለ። በኤፕሪል ግን ተመልሶ፣ በኮሚኒስት ፓርቲ አባልነት አብረውት የነበሩትን ስምንት የግሩፕ ቲያትር ባልደረቦቹን በስም ጠራ። ከእነርሱ አንዱ ሞሪስ ካርኖቭስኪ ስም አልሰጥም በማለቱ ለብዙ ዓመታት የፊልም ሥራ ተነፍጎታል።

ጠበቆቹ «ኮሚቴው ስሞቹን ቀድሞም ያውቅ ነበር» ይላሉ። እንዲህ ከሆነ ኮሚቴው የፈለገው መረጃ ሳይሆን መንበርከክን ነበር። ስለዚህ መከላከያው ራሱ ክስ ይሆናል።

በ1954 «በወደቡ ዳርቻ» የተባለው ፊልሙ ስምንት ኦስካር አገኘ። በማርሎን ብራንዶ የተወከለው ወዛደር በማኅበሩ ወንበዴ መሪዎች ላይ ይመሰክራል። ካዛን በ1988 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ የዚያ ወዛደር ድምፅ የራሱ ድምፅ መሆኑን ገልጿል። ንጽጽሩ ግን ሐሰት ነው። ወዛደሩ የመሰከረው ስለ ነፍስ ግድያ፣ በኃያላን ላይ፣ ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ ነው። ካዛን የመሰከረው ስለ ሰዎች እምነት፣ ኃይል በሌላቸው ላይ፣ እንጀራውን ለማስጠበቅ ነው። ፊልሙ ድንቅ መሆኑ ይህን ልዩነት አይሽረውም፤ እንዲያውም ድንቅነቱ ሐሰቱን ይበልጥ አሳማኝ ያደርገዋል።

በ1999 የክብር ኦስካር ሲሰጠው ከታዳሚው ከፊሉ ቆሞ አጨበጨበ፤ ከፊሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። የተቀመጡት ጥበቡን ካዱ ማለት ስሕተት ነው። ካዛን በምርጥ አዘጋጅነት ቀድሞ ሁለት ጊዜ ተሸልሟል፤ ጥበቡ ያልተከፈለው ዋጋ አልነበረም። ዋጋ ያልተከፈላቸው መድረክ የተነፈጉት ናቸው።

ካዛን በ2003 አርፏል፤ ከአፍ የወጣ ግን አፋፍ ነው። ተዋናይን የማሠልጠን ብልሃቱ በየቲያትር ትምህርት ቤቱ ይጠና፤ ፊልሞቹም ይታዩ። ነገር ግን «በወደቡ ዳርቻ» በሚታይበት አዳራሽ ሁሉ የስምንቱም ስም አብሮ ይነሣ። ይህ በቀል አይደለም፤ የጎደለውን ምስክርነት መሙላት ነው።