ማይንክራፍት ውስጥ እንቁላል የሚጠብቁ ልጆች

ልጆች ማይንክራፍት በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ላይ የሚያሳልፉትን ጊዜ በሙሉ እንደ ብክነት የሚቆጥሩ ወላጆች የባሕር ኤሊዋን እንቁላል ልብ ቢሉ ፍርዳቸውን ያለዝቡ ነበር ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ጨዋታው የገባችው ይህች ኤሊ እንቁላል ለመጣል የምትመለሰው ወደ ተወለደችበት የባሕር ዳርቻ ነው፤ እውነተኞቹም የባሕር ኤሊዎች በአብዛኛው እንዲሁ ያደርጋሉ። እንቁላሉ ደረጃ በደረጃ እየተሰነጠቀ ይቆይና ብዙውን ጊዜ ሌሊት ይፈለፈላል። እስከዚያ ድረስ ዞምቢዎች ፈልገው ይረግጡታል፤ ተጫዋቹ ራሱ ቢቆምበትም ሊሰበር ይችላል፤ ርቆ ከሄደ ደግሞ የእንቁላሉ እድገት ይቆማል። ስለዚህ ልጁ ዙሪያውን ያጥራል፣ ችቦ ይተክላል፣ ከአጠገቡ ሳይርቅ ይጠብቃል። ደካማን ነገር ማንም ሳያዘው መጠበቅ ቀላል ትምህርት አይደለም።

በጨዋታው ውስጥ ያለችው የዶሮ ነገር ግን ተቺዎችን ያግዛል። እንቁላሏን ወርውሮ ከ8 አንድ ዕድል ጫጩት ማግኘት ከእውነቱ እጅግ የራቀ ነው፤ የእውነቷ ዶሮ 21 ቀን ገደማ ታቅፋ ትተኛለች። ይህን ልዩነት ቤት ውስጥ ማስረዳት አያዳግትም፤ ጨዋታውን ለመከልከልም በቂ ምክንያት አይሆንም። ቁጣችን ይልቅ ከውስጡ ምን እንደሚወጣ የማይታወቅ እንቁላል ለልጆች በገንዘብ በሚሸጡ ጨዋታዎች ላይ ቢሆን ይገባል፤ እዚያ ልጁ የሚለማመደው እንክብካቤን ሳይሆን ቁማርን ነው።