እስቲ ሲፋንን ተዉአት!

ሲፋን ሐሰን በሮጠች ቁጥር ይህ አገር ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ደሟ የእኛ ነው» እያለ እልልታውን ያቀልጠዋል፤ ሌላው «ባንዳ» ይላታል። የሚገርመው ሁለቱ ወገኖች ብዙ ጊዜ አንድ ሰው መሆናቸው ነው። ኬንያዊቷን ስትቀድም «የእኛ ልጅ» ናት፤ ኢትዮጵያዊቷን ስትቀድም «ከሃዲ»። እኛ ሁለቱንም ሰምተን ስለሰለቸን ዛሬ ከሁለቱም ጋር እንጣላለን።

የምንጽፈው እንደ ዋጃ ልጆች ነው። ዋጃን ለማታውቁ፦ ከቆቦ ወደ አላማጣ ስትሄዱ ዋናው መንገድ መሐል ለመሐል የሚሰነጥቃት የራያ ቆላ ከተማ ናት። በማሽላዋና በሙቀቷ እንጂ በሯጭ አትታወቅም። ለአባቶቻችን ሆላንድ ሲባል ትዝ የምትላቸው ላሟ ናት፤ ለእኛ ደግሞ ሲፋን። ታዲያ ዋጃን ከሲፋን ምን አገናኛት ትሉ ይሆናል። እንደርስበታለን።

መጀመሪያ ታሪኩን ከሥሩ እናንሳው። ሲፋን አዳማ ተወለደች። በ2008 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምንጽፈው) በ15 ዓመቷ ስደተኛ ሆና ሆላንድ ገባች። ልብ በሉ፤ ሻምፒዮን ሆና አልሄደችም። በብሔራዊ ቡድን ማልያ ሮጣ፣ በሕዝብ ገንዘብ ሠልጥና፣ ከዚያ አየር ማረፊያ ላይ የጠፋች አትሌት አይደለችም። ሩጫን በወጉ የያዘችው እዚያው ሆላንድ የነርስነት ትምህርት እየተማረች ነው። በ2011 አይንድሆቨን ላይ ግማሽ ማራቶን አሸነፈች፤ በ2013 መገባደጃ ዜግነት አገኘች፤ ብዙም ሳትቆይ ቤልግሬድ ላይ ከ23 ዓመት በታች የአውሮፓ አገር አቋራጭ ወርቅ ወሰደች። ከስደተኛ መጠለያ እስከዚያ አምስት ዓመት ነው። እዚህ አገር አምስት ዓመት አንድ ማመልከቻ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር የሚፈጀው ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በ2019 ሞናኮ ላይ በማይል የዓለም ክብረ ወሰን፣ በዚያው ዓመት ዶሃ ላይ የ1,500 እና የ10,000 ሜትር ወርቅ። የያኔው አሠልጣኟ አልቤርቶ ሳላዛር በዶሃው ውድድር መሐል በዶፒንግ ደንብ ጥሰት አራት ዓመት መታገዱን እያነሱ የሚያንሾካሹኩ አሉ፤ እሷ ላይ ግን የቀረበ ክስ የለም። በ2021 ቶኪዮ ላይ ጠዋት በ1,500 ማጣሪያ የመጨረሻው ዙር ወድቃ ተነሥታ ሁሉንም ቀድማ ገባች፤ የዚያኑ ዕለት ማታ የ5,000ን ወርቅ አጠለቀች። ከኦሎምፒኩ የተመለሰችው በሁለት ወርቅና በአንድ ነሐስ ነው። በዚያ ኦሎምፒክ መላዋ ኢትዮጵያ ያገኘችው ወርቅ አንድ ነበር፤ የሰለሞን ባረጋ።

ስድቡ የባሰው ግን ከፓሪስ በኋላ ነው። ነሐሴ 2024፣ ማራቶን። ሲፋን በ5,000 እና በ10,000 ሁለት ነሐስ ወስዳ፣ አሥር ሺሁን በሮጠች በሁለተኛው ቀን 42 ኪሎ ሜትር ልትሮጥ ወጣች። መጨረሻው ላይ ከትዕግሥት አሰፋ ጋር ክርን ለክርን ተገፋፍተው ሲፋን በ2:22:55 ገባች፤ ትዕግሥት በ3 ሰከንድ ተቀደመች። ኢትዮጵያ አቤቱታ አቀረበች፤ ውድቅ ሆነ። መቼም እኛም ሰው ነንና ያን ቀን የጮህነው ለትዕግሥት ነው፤ አንጀታችንም አርሯል። ስለ ክርኑ መከራከር የማንም መብት ነው። ይሁንና በየፌስቡኩ የተጻፈው ስለ ክርን አልነበረም። ስለ ዘሯ ነበር። ሽልማቷን ልትቀበል ሂጃብ አድርጋ ስትወጣ ደግሞ ስለ ሃይማኖቷ ተጨመረበት። ወሬው ከአትሌቲክስ ወጥቶ የት እንደገባ ያየ ያውቀዋል።

«ባንዳ» እኮ በታሪካችን የታወቀ ትርጉም ያለው ቃል ነው። ከወራሪ ጋር ወግኖ ወገኑን የወጋ ነው ባንዳ። የ15 ዓመት ልጅ አገር ጥላ መውጣቷ ማንን ወጋ? እንዲያውም ጥያቄው ወደ እኛ ነው መዞር ያለበት፤ የ15 ዓመት ልጅ ለምን ወጣች? ብለን መጠየቅ ሲገባን «ለምን አልተመለሰችም?» እንላለን።

ባንዲራን እንደ ደም ዓይነት ለሚቆጥሩ ሰዎች ደግሞ ከራያ አንድ ነገር እንንገራቸው። በእኛ ሰፈር አማርኛና ትግርኛ በአንድ ቤት ይነገራል፤ ኦሮምኛውም ከዘፈናችንና ከቦታ ስማችን አልወጣም። ዋጃ ከቦታዋ ስንዝር ሳትነቃነቅ የቀበሌዋ ማኅተም ስንት ጊዜ ተቀይሯል! እኛ ተቀምጠን መታወቂያ ሲለወጥብን ማንም «ከሃዲ» አላለንም፤ ሲፋን ባሕር ተሻግራ አዲስ መታወቂያ ብታወጣ ምኑ ነው ጉዱ?

«ሆላንድ ምን ወሰዳት?» ለምትሉ፣ እስቲ ወደ ሄንግሎ እንሂድ። ሰኔ 2021 ሲፋን በዚህች የሆላንድ ከተማ የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን በ29:06.82 ሰበረች። ከሁለት ቀን በኋላ እዚያው ትራክ ላይ የእኛዋ ለተሰንበት ግደይ በ29:01.03 ነጠቀቻት። ደስ አይልም? በጣም እንጂ። ግን ለተሰንበት እዚያ ምን ትሠራ ነበር? የኢትዮጵያ የኦሎምፒክ ማጣሪያ እየተካሄደ ነበራ! አዎ፣ የኢትዮጵያ ማጣሪያ፣ ሆላንድ ውስጥ። የአዲስ አበባ ከፍታ ለሰዓት አይመችም የሚለው ምክንያት እውነት ነው፤ እንቀበለዋለን። ሆኖም ለራሱ ማጣሪያ የሆላንድን ትራክ የተዋሰ አገር፣ እዚያው ትራክ ላይ ያደገችውን ልጅ በምን አፉ «ሆላንድ ምን ወሰደሽ» ይላታል?

አንድ ጠንካራ ክርክር እንዳለ አይጠፋንም። በነዳጅ ገንዘብ አትሌት የሚሸምቱ አገሮች አሉ፤ ይህ ገበያ ነው፤ ገበያውን እኛም እንጠላዋለን። የዓለም አትሌቲክስ አስተዳደርም አስጠልቶት በ2017 ዜግነት ቅየራን አግዶ ነበር፤ በ2018 ሲከፍተው የሦስት ዓመት ጥበቃ አስገባበት፤ ከ20 ዓመት በታች ያሉትንም ከለከለ። ደንቡ ጥሩ ነው። የሲፋን ጉዳይ ግን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? እሷን የገዛት የለም፤ ሲቀበሏት ዋጋ ያላት ዕቃ አልነበረችም። ሆላንድን ገነት ለማስመሰልም አይደለም፤ የዚያው አገር መራጭ በ2023 ጥገኝነት ጠያቂ አይግባብን የሚለውን የኸርት ቪልደርስን ፓርቲ አንደኛ አድርጎታል። ሲፋን ግን ቀድማ ደርሳለች፤ መኝታ፣ ትምህርት ቤትና የሩጫ ክለብ አግኝታለች።

አሁን ወደ ዋጃ። ከእኛ ጋር የተማሩት ሴቶች ልጆች ብዙዎቹ በ15 እና በ16 ዓመታቸው ነው የሄዱት፤ አቅጣጫቸው ግን ሆላንድ አልነበረም። ደላላ ያሰባስባቸዋል፤ ጅቡቲ፣ ኦቦክ፣ ጀልባ፣ የመን፣ ከዚያ ሳውዲ። በ2013 እና በ2014 ሳውዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከአውቶቡስ የወረዱትን የቆቦና የዋጃ ልጆች አይተናል፤ በዓመቱ ብዙዎቹ መልሰው ሄደዋል። በ2023 ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደገደሉ ጽፏል። «ደሟ የእኛ ነው» ባዮች ያን ጊዜ የት ነበሩ? በዚያ ድንበር የፈሰሰው ደም የማን ነበር? ስንቷ ፈጣን እግር የነበራት ልጅ ያን ተራራ ስትወጣ እንደቀረች ማንም አልመዘገበም። እግሯ ፈጣን መሆኑንም የሚያውቅ አልነበረም፤ ማን አሯሩጧት!

ማጋነን እንዳይመስላችሁ። እኛ በተማርንበት ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ማለት ወንዶቹ አቧራው ላይ ኳስ ሲራገጡ ሴቶቹ ከግራሩ ሥር ተቀምጠን ቦርሳና ጫማ መጠበቅ ነበር። ሥራችን ይኸው ነበር፤ ማርክም ይሰጠን ነበር። ሰዓት የያዘልን ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ከጎረቤቶቹ የከፋ አልነበረም፤ እንዲያውም ኳስ ስለነበረው ይቀናበት ነበር።

የቶኪዮውን የ10,000 ሜትር ሽልማት መድረክ አስታውሱት። ሲፋን ለሆላንድ፣ ቃልኪዳን ገዛኸኝ ለባሕሬን፣ ለተሰንበት ለኢትዮጵያ። ሦስቱም እዚሁ የተወለዱ ናቸው። ያን ምስል አይቶ «ሦስቱንም እኛ ነን ያሸነፍነው» ብሎ የፎከረ ነበር፤ «ሁለቱ ከድተው ነው» ብሎ የተሳደበም ነበር። «ሦስት ሴት ልጆች ከአንድ አገር ወጥተው ሁለቱ ለምን በሌላ ማልያ ቆሙ?» ብሎ ስብሰባ የጠራ ባለሥልጣን ግን አላየንም።

እናም ሲፋንን ተዉአት። ከለተሰንበት ወይም ከትዕግሥት ጋር ስትሮጥ እኛም ለእነሱ እንጮኻለን፤ ስትቀድማቸው እናዝናለን፤ ከዚያ እናጨበጭብላታለን። አገር የሚያስቆጨው ሰው ካለ በቁጭቱ የሚሠራበት ቦታ እንጠቁመው፤ ዋጃ ይምጣና ሴቶቹን ከግራሩ ሥር አስነሥቶ ሰዓት ይያዝላቸው። ቦርሳውን ወንዶቹ በተራቸው ይጠብቁ።