መሬቱን ሸጦ መንገዱን ማስቀረት

የምድር ባቡር ኩባንያ መሬቱን ለፋብሪካ ባለቤት ሲሸጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው «ስንት ተሸጠ?» ተብሎ ነው። እኛ ግን ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ አለ እንላለን። ይኸውም፣ ሻጩ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ በመሬቱ ላይ ምን ሥልጣን አስቀረ? የሚለው ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነንን ከአሜሪካ ታሪክ እንጠቅሳለን።

ኖርዘርን ፓሲፊክ የተባለው የምድር ባቡር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1864 እና በ1870 በተደነገገው መሠረት 40 ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት ከመንግሥት በስጦታ ተቀበለ። መሬቱ እንደ ዳማ ገበታ ተሸንሽኖ፣ በሐዲዱ ግራና ቀኝ አንዱ ክፍል ለኩባንያው ሲሰጥ ቀጣዩ ለመንግሥት ይቀር ነበር። የተሰጠው ሐዲዱ ለሕዝብ ይጠቅማል ተብሎ ነው። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ግን አልተጠየቁም።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1873 የሐዲዱ መጨረሻ እንድትሆን የመረጣት ታኮማ፣ ፑያለፕ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ቦታ የምትገኝ ከተማ ናት። ለጥ ያለ ሜዳ፣ ግንድ የሚንሳፈፍበት ውሃና ሐዲድ በአንድ ስፍራ ስለተገናኙ ለእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ የተመቸች ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1888 አንድ ትልቅ የእንጨት ኩባንያ ከምድር ባቡሩ 80,000 ኤከር ያህል ደን ገዝቶ፣ ፋብሪካውን በወንዙ አፍ ረግረግ ላይ ተከለ። እ.ኤ.አ. በ1900 ደግሞ ዌየርሃውዘርና ባልንጀሮቹ 900,000 ኤከር ደን፣ ኤከሩን በ6 ዶላር ሒሳብ ከዚሁ ምድር ባቡር ገዙ።

ዋጋው ርካሽ ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን ምድር ባቡር እንደ ሌላ ሻጭ አይደለም። ሌላው ሻጭ አንድ ጊዜ ተከፍሎት ይሄዳል፤ ምድር ባቡር ግን ፋብሪካው በቆመ ቁጥር በየቀኑ የጭነት ኪራይ ይሰበስባል። ስለዚህ ኖርዘርን ፓሲፊክ በብዙ የሽያጭና የኪራይ ውሎቹ ውስጥ አንድ ግዴታ አገባ፤ በመሬቱ ላይ የሚመረተው ዕቃ ሁሉ፣ የማጓጓዣው ዋጋ ከተወዳዳሪዎቹ ጋር እኩል እስከሆነ ድረስ፣ በእሱ ባቡር እንዲጫን የሚል ነው። ገዢው ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ፈረመ።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1949 ኩባንያውን ከሰሰ። ኩባንያውም «ሌላው ዋጋ ከቀነሰ ደንበኛው ነፃ ነው፤ ታዲያ ማን ተጎዳ?» ሲል ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1958 ውሉ ነፃ ውድድርን የሚያግድ ነው ሲል፣ በሸርማን ሕግ መሠረት ሕገ ወጥነቱን አጸና። ሦስት ዳኞች የኩባንያው የገበያ ኃይል በበቂ ማስረጃ አልተረጋገጠም ብለው ተቃወሙ። እኛ በብዙኃኑ ፍርድ እንስማማለን። ሕዝብ መንገድ እንዲከፈት ብሎ የሰጠው መሬት፣ ለሌላው ተወዳዳሪ መንገድ መዝጊያ ሊሆን አይገባውም።

ከዚህም ሌላ በውሉ ያልተጻፈ ዕዳ ነበረ። የታኮማ ወንዝ አፍና የባሕሩ ዳር፣ ፋብሪካዎች በተዉት መርዝ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1983 መንግሥት በግድ እንዲጸዱ ካዘዘባቸው ስፍራዎች አንዱ ሆነ። የፑያለፕ ሕዝብ የመሬት ይገባኛል ክርክርም የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1990 በጸናውና 162 ሚሊዮን ዶላር በሚያወጣ ስምምነት ነው። ፍርዱም ሆነ ካሣው የመጣው ትርፉ ከተበላ ከብዙ ዘመን በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

«በእኛ አገር መሬት አይሸጥም፤ ምን አገባን?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እርግጥ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ሆኖም ያ የአሜሪካ ግዴታ በሽያጭ ውል ብቻ ሳይሆን በኪራይ ውልም ውስጥ እንደነበረ አንርሳ። ሐዲድ የወለዳትን፣ ደቻቱ ወንዝ የሚከፍላትን፣ ሲሚንቶና ጨርቃ ጨርቅ ያሳደጓትን ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ሩቅ እንዳልሆነ ይገባዋል።

ስለዚህ የሕግ ተማሪ ግዴታውን፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ትርፉ ለማን እንደሚሆን፣ የምሕንድስና ተማሪ የውሃውን መውረጃ ይመርምር። መምህራኖቻችንም እንዲህ ያሉትን ውሎች ወደ ክፍል አምጥተው ያስነብቡን። ውል መነበብ ያለበት ከመፈረሙ በፊት ነው።