ከትርፍ ወይስ ከሽያጭ? የጤፍ ውል ያስተማረው

በጀውሃና በሸዋሮቢት ዙሪያ ባሉ የይፋት ቆላማ አካባቢዎች አርሶ አደሮች ጤፍ፣ ማሽላና ማሾ ያመርታሉ። ምርታቸውን ከምርምርና ከባለሀብት ጋር የሚያስተሳስር ውል ሲቀርብላቸው ቀድሞ ሊነሳ የሚገባው ጥያቄ፣ ድርሻው ከምን ላይ ይሰላል የሚለው ነው። የጥያቄውን ክብደት የጤፍ ስምምነት ያሳያል።

በ1997 ዓ.ም የኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅት፣ ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የ10 ዓመት ውል ተፈራረሙ። ኩባንያው የጤፍ ዝርያዎችን ለምግብ ምርት እንዲጠቀም፣ ኢትዮጵያም ከጥቅሙ እንድትካፈል ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ከክፍያዎቹ ከፊሉ የሚሰላው በተጣራ ትርፍ ላይ ነበር። የተጣራ ትርፍ፣ እንደ ትርፍ ግብር ሁሉ፣ ወጪ ተቀንሶ የሚቀር ሒሳብ ነው፤ መዝገቡን የሚይዘውም ኩባንያው ነው። ኩባንያው በ2001 ዓ.ም ከሠረ፤ ለኢትዮጵያ የደረሳት 4 ሺህ ዩሮ ገደማ ብቻ ነው።

በጤፍ ዱቄት ላይ በአውሮፓ የተመዘገበው የፈጠራ ባለቤትነት መብት ግን ከኢትዮጵያ ጋር ውል ወደሌለው ሌላ ኩባንያ እጅ ገባ። የሄግ ፍርድ ቤት መብቱን በኔዘርላንድስ የሻረው በ2011 ዓ.ም ሲሆን፣ ተከራካሪዎቹም ሁለት የኔዘርላንድስ ኩባንያዎች ነበሩ።

ስለዚህ አርሶ አደሮችና ማኅበራት ከመፈረማቸው በፊት ሦስት ነጥቦችን በውሉ ማስፈር ይጠቅማቸዋል፦ ድርሻው ከተሸጠው ምርት መጠን እንዲሰላ፣ የኩባንያው ሒሳብ በገለልተኛ ወገን እንዲመረመር፣ መብቱ ለሌላ ሲተላለፍም ግዴታው አብሮ እንዲተላለፍ።