የውሻዎ አፍ በድንገት ከሸተተ

የድሬዳዋ ሙቀት በረድ ሲል በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ውሻዎ እንደ ልማዱ መጥቶ ጉልበትዎ ላይ አፉን ሲያሳርፍ፣ ትናንት ያልነበረ ክፉ ሽታ ሸተተዎ።

ቀስ በቀስ የመጣ ሽታ መነሻው ብዙውን ጊዜ የድድ ሕመም ነው። ድንገተኛው ግን ላንቃው ላይ የተሰነቀረ አጥንት፣ የተሰበረ ጥርስ ወይም ከቆሻሻ ያገኘው ጥንብ ሊሆን ይችላል። ሽንት ሽንት ካለ ኩላሊቱን፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ካለ ስኳር በሽታን ይጠርጥሩ። ውሃ መጠጣት ካበዛም «ሙቀቱ ነው» ብለው አይለፉት፤ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ከሁሉ በላይ «አጥንት ይሆናል» ብለው እጅዎን አፉ ውስጥ አይክተቱ። ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ጠባዩ ከተለወጠ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ልጆችን ያርቁ፤ ሳይነኩት በር ዘግተው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። ከነከሰዎ ወይም ለሃጩ ቁስልዎን ከነካ፣ ቦታውን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ታጥበው ወዲያውኑ ጤና ተቋም ይሂዱ። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል።

የበሰለ አጥንት አይስጡት፤ የክትባት ቀኑንም አያሳልፉ።