«ቁልፎቹን ሁሉ መሃል ላይ አድርግ» ለሚለው ምክር የቀረበ ምላሽ

ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ ለቡ ሙዚቃ ሰፈር፣ በልምምድ ክፍልም ሆነ በአምልኮ አዳራሽ፣ ኤሌክትሪክ ጊታር የሚማር ወጣት አምፕ ፊት ሲቆም የሚሰማው ምክር ያው ነው። ቤዝ፣ ሚድና ትሬብል አምስት ቁጥር ላይ ይቁሙ፤ ይህ ያልተጨመረበትና ያልተቀነሰበት የጊታሩ የራሱ ድምፅ ነው። ካላማረ ሚዱ ይቀነስ፣ ቤዙና ትሬብሉ ከፍ ይበሉ። ጌይን የዲስቶርሽን ቁልፍ ነው፣ ቮልዩም ደግሞ የድምፅ ከፍታ።

ይህን የሚያስተምሩት ለዓመታት መድረክ ላይ የቆሙ፣ ብዙ ተማሪ ያፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ክብር ይገባቸዋል። ምክሩም ጥቅም አለው። ጀማሪው ከማያውቀው መሣሪያ ጋር ሲገናኝ ከየት እንደሚነሳ ይነግረዋል። መነሻ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባላስፈለገ። ነገር ግን ምክሩ ስለ አምፕ አሠራር የተነገረ እውነት ተደርጎ ተወስዷል። እውነት ነው ከተባለ ደግሞ በማስረጃ መፈተን አለበት።

አንደኛ፣ አምስት ቁጥር «ያልተነካ ድምፅ» አይደለም። ስሕተቱ የመጣው ከሚክሰር ይመስለኛል። በሚክሰር ላይ የቃና ቁልፍ መሃል ሲቆም በእርግጥም አይጨምርም፣ አይቀንስም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፒተር ባክሳንዳል እ.ኤ.አ. በ1952 ያሳተመው ንድፍ ይህን አሠራር በሰፊው አስለምዷል። አንዳንድ ትራንዚስተር አምፖችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ፤ በእነሱ ላይ ምክሩ ልክ ነው። የፌንደርና የማርሻል አምፖች፣ እንዲሁም የእነሱን ንድፍ የተከተሉት ብዙዎች ግን ሌላ መንገድ ይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1962 ለንደን ውስጥ የተሠራው የመጀመሪያው ማርሻል ራሱ የፌንደር ቤዝማንን ንድፍ የተከተለ ነበር። በእነዚህ አምፖች ውስጥ የቃናው ክፍል የተሠራው ከካፓሲተርና ከሬዚስተር ብቻ ስለሆነ የመጨመር አቅም የለውም፤ የሚያውቀው መቀነስን ነው። ሦስቱም ቁልፎች በአንድ መንገድ ላይ ተያይዘው ስለተቀመጡ አንዱን ሲነኩት የሌሎቹ ሥራ ይለወጣል።

ይህን ለማረጋገጥ መሣሪያ መፍታት አያስፈልግም። በፌንደር ትዊን ሪቨርብ ላይ ቤዝ፣ ሚድና ትሬብልን ዜሮ ላይ ያድርጉ። ቮልዩሙ ክፍት ሆኖ ሳለ ድምፁ ይጠፋል። ቁልፎቹ ሦስት ነጻ ማስተካከያዎች ቢሆኑና አምስት ላይ ሚዛኑ የሚጠበቅ ቢሆን ኖሮ ድምፁ ደብዝዞ በቀረ እንጂ ባልጠፋ። ሦስቱንም አምስት ላይ ሲያቆሟቸው ደግሞ ከመሃለኛው ድምፅ፣ 400 ኸርዝ አካባቢ፣ ብዙ ተቆርጦ ይቀራል። የመጀመሪያው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ሲጫን የሚሰጠው ድምፅ 392 ኸርዝ ነው። እንግዲህ «ያልተነካ» የተባለው አቀማመጥ የሊድ ጊታር ዜማ በሚመላለስበት ቦታ ላይ ጉድጓድ ቆፍሯል። «ሚዱን ቀንስ» የሚለው ተከታይ ምክር ከተቀነሰ ላይ መቀነስ ይሆናል።

ንድፍ አውጪዎቹ ራሳቸው ምን እንዳደረጉ ማየትም ይጠቅማል። ትዊን ሪቨርብ ባለ 10 ኪሎ ኦም የሚድ ቁልፍ አለው። የፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ ግን የሚድ ቁልፍ የለውም፤ በቦታው የገባው 6.8 ኪሎ ኦም ቋሚ ሬዚስተር ነው። ሚዱን አንድ ቦታ ላይ ቆልፈው ማስቀረት ሲኖርባቸው የመረጡት ከመሃል ከፍ ያለውን ነው።

ሁለተኛ፣ ሚድ ሲቀነስ ድምፁ «ያምራል» የሚለው ፍርድ የተሰጠው ባንዱ በሌለበት ሸንጎ ነው። ፍርዱ የተገኘው ብቻን፣ በጠባብ ክፍል፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ በመጫወት ነው፤ ከዚያ ሳይፈተን ወደ ባንድ ተላለፈ። እዚህ ላይ ሦስት የአስተሳሰብ ግድፈቶች ተደራርበዋል።

የመጀመሪያው ጆሮን ይመለከታል፦ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ላይ ወፍራሙን ድምፅ አሳንሶ ይሰማል። ቤት ውስጥ ቤዙን ስምንት ላይ አድርጎ የተደሰተ ጊታሪስት አዳራሽ ገብቶ ድምፁን ሲከፍት ያው አቀማመጥ ይደፈርስበታል። ያኔ አዳራሹ ይወቀሳል፣ ሞንታርቦው ይወቀሳል፣ ሚክሰር ላይ ያለው ባለሙያ ይወቀሳል። ሁለተኛው ግድፈት ንጽጽሩ እኩል አለመሆኑ ነው፦ ቤዝና ትሬብል ሲጨመሩ አጠቃላይ ድምፁ ከፍ ይላል፣ ጆሮም ከፍ ያለውን የተሻለ አድርጎ ይቀበላል። ሁለቱ አቀማመጦች በእኩል ከፍታ ሳይደመጡ የተሰጠ ምርጫ የከፍታ ምርጫ እንጂ የቃና ምርጫ አይደለም።

ሦስተኛው ግድፈት የባንዱን ሌሎች መሣሪያዎች መርሳት ነው፤ ይህ ከሁሉ ይከብደኛል፤ የራሳችንን ሙዚቃ የሚጎዳ ነውና። የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ ነው፣ የቤዝ ጊታር ደግሞ 41። የአምፑ ቤዝ ሲጨመር ጊታሩ ቤዝ ጊታሪስቱና ከበሮው ችክችካውን ወደሚያቆሙበት ቦታ ይወርዳል። ትሬብሉ ሲጨመር ከሲምባሉ ጋር ይጋጫል፤ የጊታር አምፕ ስፒከር እንደሆነ ከ5000 ኸርዝ በላይ የሚያወጣው ጥቂት ነው። ጊታሩ የራሱ ሆኖ የሚቀርለት መሃሉ ነው። በትዝታም ሆነ በአምባሰል ቅኝት የጊታሪስታችን ዋና ሥራ ነጠላ ዜማ መልቀም፣ ለድምፃዊው መመለስ ነው። ኮርድ እየመቱ ክፍሉን በድምፅ ግድግዳ የሚሞሉ የሮክ ባንዶች መሃሉን ቢቀንሱ የሚከፍሉት ዋጋ ሊያንስ ይችላል፤ አንድ ክር ለቅሞ የሚመልስ ሰው ግን ሁሉን ያጣል። ከአይቤክስ እስከ ሮሃ ባንድ የዘለቀውን የሰላም ስዩምን ጊታር በሞባይል ትንሽ ስፒከር ያዳምጡ። ያ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም፤ የጊታሩ ዜማ ግን ይሰማል። ወፍራሙ ድምፅ ጠፍቶ ዜማው ከቀረ፣ ዜማው የሚኖረው ወፍራሙ ድምፅ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ጌይንና ቮልዩም እንደሚባለው የተለያየ ሥራ የተከፋፈሉ አይደሉም። ጌይን የቅድመ ማጉያውን ደረጃዎች ምን ያህል እንደምንገፋቸው ይወስናል፤ ማስተር የሚባለው ቮልዩም ደግሞ ወደ ኃይል ማጉያው የሚያልፈውን። ማስተር በሌለው የቱብ አምፕ ቮልዩም ብቻውን ሁለቱንም ይሠራል፦ ብዙዎቹ መሃል አካባቢ ሲደርሱ ንጹሕ አቅማቸው ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ቁልፉ በአብዛኛው የሚጨምረው መሻከርን ነው። በተለመደው የቮልዩም ቁልፍ ላይም አምስት ቁጥር ግማሽ አይደለም፤ ግማሽ መንገድ ሲዞር የሚያሳልፈው አንድ አሥረኛ ያህል ነው። የዋት ቁጥርም እንዲሁ ያሳስታል፤ አምፕ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ይህን ቢያውቅ ገንዘቡ ይተርፋል፦ ባለ 30 ዋቱ ከባለ 15ቱ የሚበልጠው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ እጥፍ ከፍ ብሎ እንዲሰማ ኃይሉ አሥር እጥፍ ገደማ መሆን አለበት።

ስለ ፕረዘንስ ቁልፍ ባጭሩ፦ «ሁለተኛ ትሬብል» መባሉ ልክ አይደለም። በተለመደው የቱብ አምፕ የሚሠራው ከኃይል ማጉያው ወደ ኋላ በሚመለሰው ድምፅ ላይ ነው። ስለዚህ በትሬብል የተቆረጠውን በፕረዘንስ ልክ እንደነበረ መመለስ አይቻልም።

«ዳኛው ጆሮ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ዳኛ ሁለቱን ወገን በእኩል ሁኔታ መስማት አለበት። ባንዱ በሙሉ ይጫወት። ጊታሪስቱ አንዱን የአምባሰል ሐረግ ሁለት ጊዜ ይድገመው፣ አንዴ ሚዱን ሦስት፣ አንዴ ሰባት ላይ አድርጎ፤ በማስተር የሁለቱ ከፍታ እኩል ይደረግ። አድማጩ የቱ የቱ እንደሆነ ሳይነገረው አዳራሹ መጨረሻ ላይ ቆሞ ዜማውን መልሶ ያንጎራጉር። ሚድ በተቀነሰበት ጊዜ ዜማውን በተሻለ ከያዘ፣ ሁለተኛውን ነጥቤን እተወዋለሁ።